የሲስተር አያንቱ ሕግ

የሲስተር አያንቱን ሞት የሰማሁት ስልኬ መጮህ ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስልኩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነበር፤ እኔ ደግሞ ጓንቴን አጥልቄ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ የአንዲት አሮጊት ዳሌ እስኪከፈት እየጠበቅኩ ነበር። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ በበሩ መስታወት ብቅ ብላ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። "ጓንት ካጠለቅሽ በኋላ ማንም ቢሞት ለቅሶው ይጠብቅሻል፤ የተከፈተ ሰው ግን አይጠብቅሽም" ያለችኝ ራሷ አያንቱ ናት። ይህ ነገር በራሷ ሞት ይደርስብኛል ብዬ መቼ አስቤ።

አሮጊቷ ተሰፍተው ወጡና ስልኩን መልሼ ስደውል ያነሳችው የአያንቱ የእህት ልጅ ናት። "አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለችኝ። ኦፕሬሽን ላይ ሆኜ ነው ያላነሳሁት ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። "እሷም ብትሆን አታነሳም ነበር" አለች። ቀጣዩ ሕመምተኛ እየገባ ስለነበር አላለቀስኩም፤ እንደገና ታጥቤ ገባሁ።

ሲስተር አያንቱ ሰበታ ያለ አንድ የአጥንት ሆስፒታል ውስጥ የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ፣ ቡራዩ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በሁለት ታክሲ እየተመላለስኩ ሥራ የጀመርኩት በሷ ሥር ነው። አጭር ስለነበረች ጠረጴዛው እንዲደርስላት ከቤቷ ያሠራችው የእንጨት መቆሚያ ነበራት። ከማስኩ በላይ ያለው ግማሽ ፊቷ ብቻውን ይቆጣል፣ ብቻውን ይስቃል፤ ሙሉ ፊቷን ካየሁበት ጊዜ ይልቅ ቅንድቧን ያየሁበት ይበልጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ እንዳሳደገችኝ "እርስዎ" እያልኩ ሳስቸግራት ሥራውን አቆመችና፣ "ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ኢንተላ ኮ፣ 'እርስዎ' ብለሽ እስክትጨርሺ ሕመምተኛው ይነቃል። እዚህ ውስጥ 'አንቺ' በይኝ። ውጭ ስንወጣ ከፈለግሽ ትሰግጂልኛለሽ።" ከዚያ ወዲያ ውጭም ውስጥም አንቺ አልኳት።

እጇን የምትይዘው እንደ ሌላ ሰው አልነበረም። ከሥራ ወጥታም ሁለት እጇን ከክርኗ ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትሄደው፤ ታክሲ ውስጥ ወንበር አትደገፍም፣ በር አትነካም። አንድ ቀን ከአለም ገና ስንሳፈር ሾፌሩ በመስታወቱ አይቷት "እማማ፣ እየጸለዩ ነው እንዴ?" አላት። "አዎ ልጄ፣ ለፍሬንህ ነው" አለችው። እስክንወርድ ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ።

ሥራችን ብረት ማስገባት ነው። የተሰበረ አጥንት ውስጥ ዘንግ ይገባል፣ ላዩ ላይ ሳህን መሳይ ብረት በብሎን ይታሰራል። አጥንቱ መግጠሙ አያሳስበንም፤ አጥንት ከተስተካከለለት ይገጥማል። የሚያስፈራን ኢንፌክሽን ነው። አያንቱ አዲስ ነርስ በመጣ ቁጥር እንዲህ ትላለች፦ "ሥጋ ደም አለው፣ ራሱን ይከላከላል። ብረት ደም የለውም። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ አንዴ ካረፈ ጎጆ ቀልሶ ጣሪያ ይከድናል። ከዚያ በኋላ በደም ሥር የምትሰጡት መድኃኒት ጣሪያው ላይ ወርዶ ይፈሳል እንጂ ውስጥ አይገባም።"

አንድ ጊዜ ዶክተር ይልማ፣ ቀዶ ሐኪማችን፣ ከሥልጠና ተመልሶ ሻይ ላይ ሲያወራን፣ በሌላ አገር ብረቱን ራሱን ባክቴሪያ በሚገድል ነገር እየሸፈኑት ነው አለን። አንዳንዱን አንቲባዮቲክ ይቀቡታል፣ አንዳንዱን ስስ የብር ማዕድን ያለብሱታል፤ ባክቴሪያው ሊያርፍ ሲል እዚያው ይሞታል። እኛ አፋችንን ከፍተን ሰማን። አያንቱ ግን ስኳሯን እያማሰለች፣ "ይሄንንማ እናቴም ታውቀዋለች" አለች።

ሱሉልታ ነው ያደገችው፣ ከወተት ቤት። እናቷ ወተት ከማለቧ በፊት ጮጮውን፣ የወተቱን ዕቃ ማለት ነው፣ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ያልታጠነ ጮጮ ውስጥ የተጨመረ ወተት ሳይውል ሳያድር ይበላሻል። "ወተቱን አይደለም የምታጥነው፤ ዕቃውን ነው" አለችን። "ወተቱ ከተበላሸ በኋላማ ቤቱን ሙሉ ብታጥኚው ምን ዋጋ አለው?" ዶክተር ይልማ ሳቀና "ሲስተር፣ እኔ አሥር ቀን የሰለጠንኩትን በአንድ ጮጮ ጨረስሽው" አላት። እኛ ጋ ግን የተቀባ ብረት የለም። እኛ ጋ ያለው የአያንቱ ሕግ ነበር።

ሕጓ አጭር ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እጅሽ ወይም የያዝሽው ዕቃ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ከነካ፣ ማንም አየ አላየ፣ ጮክ ብለሽ "ነካሁ" ትያለሽ። "ነካሁ" ያለን ሰው ለምን፣ እንዴት፣ ዓይንሽን የት ጥለሽ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ዕቃው ይለወጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሊቆጣ የፈለገ፣ ዶክተርም ቢሆን፣ ከሥራ በኋላ ከአያንቱ ጋር ይነጋገራል። "ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እዚህ ክፍል ሠርተው የማያውቁ ናቸው" ትል ነበር።

ሕጉን በራሷ ላይ ስትፈጽም አይቻለሁ። ከሌላ ሆስፒታል የመጡ ትልልቅ ሐኪሞች ቆመው እያዩን ነበር። አያንቱ ጉልበት ውስጥ የሚገባውን ብረት ይዛ ስትዞር ጫፉ የአንዱን እንግዳ ልብስ ነካ። አጠገቧ ቆሜ እኔ አላየሁም፣ ባለ ልብሱም አላወቀም። "ነካሁ" አለች። ዶክተር ይልማ በዚያ ልክ ሌላ እንደሌለ ነገራት። "እንግዲያው ታጥቦ ኦቶክሌቭ ይግባ፤ እንጠብቃለን" አለች። ኦቶክሌቭ ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን ነው፤ እንደ ልብ አይቸኩልም። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሕመምተኛዋ ከወገቧ በታች ብቻ ስለደነዘዘች ነቅታ ነበር። አያንቱ ከመቆሚያዋ ጎንበስ ብላ፣ "እናቴ፣ አቆየሁሽ። ብረትሽን ንጹሕ ያልሆነ ነገር አስነክቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለቻት። ሴትዮዋ "ምንም አይደል፣ ሥራ ነው" አለች። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው፤ እኔ ብሆን እንዲህ እደፍራለሁ ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ፉከራዬ ተፈተነ። ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ የተፍኪ ገበሬ ባጃጅ ገጭቷቸው መጡ። ቅልጥማቸው ተሰብሯል፣ ቆዳቸው ግን አልተቀደደም፤ ቀላል የምንለው ዓይነት ነው። አያንቱ የዚያን ቀን ሌላኛው ክፍል ገብታለች። ዘንጉን ከትሪው አንስቼ ላቀብል ስል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ነው። መብራቱ ሲመለስ የዘንጉ ጫፍ ከላይ የተንጠለጠለውን ትልቁን መብራት ጠርዝ ታክኮ አየሁት። የነካ መሰለኝ። ነክቷል።

በዚያ ልክ ያለው ዘንግ እሱ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ያንኮራፋል። ዶክተር ይልማ እጁን ዘርግቶ "በይ በይ" ይላል። "ነካሁ" ልል ነበር። ከዚያ ዘንጉን አቀበልኩት።

ኦቦ ዲንቃ በሁለት ወር ተመለሱ። ቅልጥማቸው አብጦ፣ ከስፌቱ ሥር መግል እያወጣ። በደም ሥር መድኃኒት ሰጠን፣ አጠብን፣ እንደገና አጠብን። አልሆነም። ዶክተር ይልማ በመጨረሻ መቁረጥ የሚለውን ቃል አነሳ። ኦቦ ዲንቃ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጣሪያውን አዩና "በሬዎቼን ታዲያ ማን ይከተላቸዋል?" አሉ። ይህን የሰማሁት የሙቀት መለኪያ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ሄጄ ለአያንቱ ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ መቀሶቹን ትቦርሽ ነበር፣ አላቆመችም። ስጨርስ "ሰማሁ" አለች። ሌላ ነገር ስጠብቅ ቆየሁ። ራሷ ባወጣችው ሕግ መቆጣት አትችልም።

"በኔ ነው እንዲህ የሆኑት?" አልኳት።

"ኢንፌክሽን መግቢያው ብዙ ነው። አንዱ በር ያንቺ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ያንን እኔም አንቺም አናውቅም።" ውሃውን ዘጋችና ዞረች። "ለኔ መናገርሽ ጥሩ ነው። እግሩ ግን የኔ አይደለም።"

ለማን መንገር እንዳለብኝ ገባኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ደግማ አላነሳችውም።

ዶክተር ይልማን ግን አላስተኛችውም። "ሥልጠና ላይ ያየኸው አለ አይደል? በመድኃኒት የተሸፈነው? እኛ እንሥራው" አለችው። ሊሠራ የሚችለው እንዲህ ነው፦ የአጥንት ሲሚንቶ የሚባል ዱቄት አለ፣ ከፈሳሹ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ይሆንና በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ፈሳሹ ከመጨመሩ በፊት ሙቀት የሚችል አንቲባዮቲክ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ቀጭን ዘንግ ይለብሰዋል። ዘንጉ አጥንቱ ውስጥ ሲገባ መድኃኒቱ ከሲሚንቶው ጥቂት በጥቂት እየወጣ፣ ጣሪያ የከደነውን ሁሉ ከውስጥ ይገድላል።

የተበከለው ዘንግ ወጥቶ አጥንቱ ሲጠረግ፣ እኛ በጎን ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመርን። አያንቱ መድኃኒቱን በእኔ እጅ አስጨመረች፣ በእኔ እጅ አስማሰለች። ለቅርጽ የተጠቀምነው ከደረት ፈሳሽ የምናወጣበትን ላስቲክ ቱቦ ነው፤ ሊጡን ቱቦው ውስጥ ሞልተን ዘንጉን መሐሉ ሰካነው። ሲደርቅ ይግላል፣ በጓንቱ ላይ ይሰማኛል። "ያዢው፣ ቀጥ አድርጊ፣ አትንቀጥቀጪ" ትለኛለች በለሆሳስ። ሲጠነክር ቱቦውን በቢላ ሰንጥቃ እንደ ሸንኮራ ላጠችው። የወጣው ነገር ትንሽ ጎበጥ ያለ ጧፍ ነው የሚመስለው። ዶክተር ይልማ ገልብጦ አየውና ተቀበላት። "ታጠነ" አለች አያንቱ፣ ቅንድቧ እየሳቀ።

መግሉ ቆመ። እብጠቱ ወረደ። ኦቦ ዲንቃ በሁለት ክራንች ቆመው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በሁለት ወር እንዲመለሱ ተነገራቸው። ያ ዘንግ ለሁልጊዜ አይደለም፤ መድኃኒቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ሲሚንቶው ባዶ ዕቃ ይሆናል፣ ባዶ ዕቃ ደግሞ ለባክቴሪያ አዲስ ቤት ነው። ወጥቶ በደህና ዘንግ መተካት አለበት። ሁለት ወሩ አለፈ፣ ኦቦ ዲንቃ አልመጡም። ስልክ ስንደውል "ደህና ነኝ፣ ደህና ሰው ሆስፒታል ምን ይሠራል?" ብለው ዘጉ።

እሁድ አያንቱ ይዛኝ ተፍኪ ሄደች። ኦቦ ዲንቃ አውድማው ዳር እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው አገኘናቸው፤ የሽምብራ ወቅት ነበር። አያንቱ ወዲያው በኦሮምኛ ያዘቻቸው። የኔ ኦሮምኛ ያኔ ከሰላምታ፣ ከ"አካም" እና ከ"ነጋ" አያልፍም፤ ጮጮ የሚለውን ብቻ ለየሁት። ረጅም ጊዜ አወሩ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ አያንቱ ተነሥታ "ሰኞ ይመጣል" አለችኝና፣ ላሟን ልይ ብላ ከሚስትየው ጋር ወደ ጓሮ ሄደች።

ሁለታችን ቀረን። ለዚህ እንዳመጣችኝ አላጣሁትም። ኦቦ ዲንቃ ያዩኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አፌን ከፈትኩና "ሽምብራው ዘንድሮ እንዴት ነው?" አልኩ።

እሳቸውም ነገሩኝ። ስለ ዝናቡ ነገሩኝ፣ ስለ ትሉ ነገሩኝ፣ ስለ ጎረቤታቸው ማሳ ነገሩኝ፤ በየመሐሉም ቆም እያሉ ያዩኝ ነበር። አያንቱ ስትመለስ ፊቴን አይታ አወቀች። ታክሲ ውስጥ የሰጡንን እሸት እየፈለፈለች በእጄ ታስጨብጠኝ ነበር። ሰበታ ልንደርስ ስንል "ሂን ሶዳቲን" አለችኝ፤ አትፍሪ። እኔ ግን ፈራሁ። ከዚያም በኋላ ፈራሁ።

ኦቦ ዲንቃ ሰኞ መጡ፣ ዘንጉ ተለወጠ፣ አጥንቱ ገጠመ። በሬዎቻቸውን እንደገና ተከተሉ። በየዓመቱ ሽምብራ ይዘው ሆስፒታል ይመጣሉ፤ ድምፃቸውን ስሰማ እኔ ማምከኛው ክፍል ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ። አያንቱ ጡረታ ወጥታ ሱሉልታ ስትገባ ቦታዋን ለኔ ሰጡኝ። አዲስ ነርስ በመጣ ቁጥር ሕጓን አስተምራለሁ። ከአፌ ሲወጣ ያሳፍረኛል፣ ግን አስተምራለሁ። ልጠይቃት ስሄድ ላሞቿን ታሳየኛለች፣ ስለ ሥራ ታጠያይቀኛለች፣ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ምነው በጠየቀችኝ እል ነበር። ልቧ ደክሞ ማረፏን ስሰማ ከሐዘኔ ውስጥ አንዱ ይህ ነበር፤ ነግሬዋለሁ ልላት የምችልበት ቀን አለፈ።

ቀብሯ ዕለት ሱሉልታ እንደ ልማዷ ነፋሷ ይቆርጣል። ከቀብር መልስ ድንኳን ስገባ ጥግ ላይ ከዘራ ይዘው የተቀመጡት ኦቦ ዲንቃ ናቸው። ከተፍኪ በሦስት ታክሲ ነው የመጡት። የምሸሸግበት ማምከኛ ክፍል የለም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሰሐን ቀርቦላቸዋል፣ አልነኩትም።

"ኦቦ ዲንቃ" አልኳቸው። "የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ዕለት ብረቱን ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ ጫፉ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ነካ። አየሁት። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ያ ሁሉ ስቃይ በኔ ሊሆን ይችላል።"

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አውቃለሁ" አሉ።

"እሷ ነገረችዎት?"

"ስምሽን አልነገረችኝም። ተፍኪ የመጣችሁ ቀን፣ አንቺ አጠገባችን ተቀምጠሽ፣ 'ከኛ በኩል የጎደለ ነገር አለ፤ ያጎደለው ሰው ራሱ ይነግርሃል። ሲነግርህ እንዳትቆጣ' አለችኝ። ከዚያ እሷ ሄደች፣ አንቺ ቀረሽ። ሰው እንዲያ ተጨንቆ ስለ ሽምብራ አይጠይቅም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ልቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

"አልቆጣም ብያታለሁ፣ አልቆጣም" አሉ። "ግን ስምንት ዓመት ነው። እግሬ ከዳነ ቆየ። እኔን የከፋኝ መሸሽሽ ነው። በመጣሁ ቁጥር ትሸሻለሽ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

ሰው ገባ፣ ተነሥተን ተቀመጥን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ ክንዷ ተሰብሯል፣ ትንሿ" አሉ። "ማክሰኞ እናንተ ጋ ብረት ይገባላታል። ዛሬ ካገኘሁሽ አንቺ እንዳትገቢ፣ ሌላ ሰው እንዲሆን ልለምንሽ ነበር። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምልሽ ሳስብ ነው የመጣሁት።"

"ሌላ ሰው አደርጋለሁ" አልኳቸው። "ግድ የለም፣ ይገባኛል።"

"አይ" አሉ። "አሁን አንቺ ሁኚ።"

ንፍሮውን በመሐላችን አደረጉትና መጀመሪያ እሳቸው ዘገኑ። "ብዪ እንጂ" አሉኝ።